የቆመች ጨረቃ

የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ሐሙስ ጠዋት አናጺው ፍሬሙን ወለወለ።

በየጠዋቱ ይወለውለው ስለነበር በቤቱ ውስጥ ቀና ብሎ ያየው የለም። እሱ ግን እንደ ትልቅ ሥራ ወንበር አቀረበ፣ ጫማውን አውልቆ ወጣ፣ መስታወቱ ላይ እፍ አለበትና በፎጣው ጠርዝ ማሸት ጀመረ። ፍሬሙን የሠራው ራሱ ነው። እንደ ባለ ሁለት ተካፋች መስኮት መሃሉ ላይ በቀጭን እንጨት ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል ልጁ ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ ቆቡን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ፣ በሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ይዛ ትስቃለች። በቀኝ በኩል ነጭ ካርቶን አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ይህ ጎን "የዲግሪው ቦታ" ይባላል። አናጺው ከፎቶው ይልቅ ባዶውን ነበር አጥብቆ የሚወለውለው።

"ደግሞ መስታወቱ እንዳያልቅ" አለች ሚስቱ ከጓዳ።

"መስታወት ተወልውሎ አያልቅም።"

"አንተ ከያዝከው ያልቃል።"

ሰፈሩ "ምሩቋ" የሚላት ልጃቸው ጠረጴዛው ጥግ ቆማ ዳቦዋን ትገምጣለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ለፍሬሙ ጀርባ ሰጥቶ መቆም የሚቻልበት ቦታ አንድ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ ቁርሷን እዚያው ቆማ ነው የበላችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶው የተነሳው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ነው። ፎቶ ቤት ውጤት አይጠይቅም። ጋውኑን ያለብሳል፣ ጥቅሉን ያስይዛል፣ "ሳቂ" ይላል። ሳቀች። ፎቶው ታጠበ፣ ዘመድ አዝማድ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ወጣ። ሁሉንም አልፋ አንድ ወድቃለች፤ የአስትሮኖሚ መግቢያን። ለማሟያ ብላ በምርጫ የወሰደችው ትምህርት ነበር። ከሷ በፊት የወሰደ ልጅ "ሰማይ ማየት ነው እኮ፤ ሰማይ አይቶ የወደቀ የለም" ብሏት ነበር። ሰማይ ሰማይ እያየ የሚሄድ ሰው እንደሚወድቅ ግን ድሮም የታወቀ ነው። ክፍል ሳትገባ ከረመችና ወደቀች።

የነገረችው ለእናቷ ብቻ ነው። እናቷ አፏን በእጇ ያዘች።

"አባትሽ እንዳይሰማ" አለች። "ይሄን ከሰማ አንድ ነገር ይሆንብኛል። ደም ብዛቱን ታውቂዋለሽ።"

"በክረምት ይሰጣል እማዬ። ደግሜ ልውሰደው።"

"እንግዲያው ሥራ ነው በይው።"

ሥራ ሆነ። ምሩቋ ክረምቱን ኮሌጁ ውስጥ፣ የከዋክብት ክፍል፣ ልምምድ ላይ እንደሆነች ተነገረ። ደመወዝ የለውም ተባለ። አናጺው "ደመወዝ የሌለው ሥራ ብዙ ጊዜ ትልቅ ሥራ ነው" ብሎ ተነሳ። በማግስቱ ለደንበኛው ሁሉ አዳረሰው።

"ልጄ ከዋክብት ክፍል ነው የገባችው" ይላል መላጊያውን እየገፋ።

"እስቲ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ጠይቅልኝ። ፍራሼ ሻግቶ ሊሞት ነው።"

"እሱ ሌላ ክፍል ነው።"

ፍሬሙን ሲሠራ ሜትሩን ዘርግቶ "ዲግሪው ቁመቱ ምን ያህል ነው?" ብሎ ጠይቋት ነበር። ምሩቋ ዲግሪ በቅርብ አይታ አታውቅም። "ያው እንደ ፎቶው ነው አባዬ" አለችው። እንደ ፎቶው አድርጎ ቆረጠው። ከነገረችው ውሸት ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይሄኛው ነበር። ሌላው ውሸት ወሬ ነው፤ ይሄኛው እንጨት ሆኗል።

አናጺው ከወንበሩ ወረደ።

"ዛሬ ነው የምትጨርሱት?"

"አዎ። ዛሬ… ለኃላፊዋ ሪፖርት እናቀርባለን።"

"ከመሸ ነው የምትመለሺው?"

"ወደ ማታ።"

ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ስር አንድ ነገር ሳበ። በሁለት እጅ የሚያዝ ስስ ጣውላ ነው፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሷል፣ ከላይ በኩል ሁለት ወረቀት መቆንጠጫ ተመቶበታል።

"ወረቀትሽ እንዳይታጠፍ" አላት።

ምሩቋ ጣውላውን ተቀብላ ቆመች። "ወረቀት እንደያዝኩ በምን አወቅክ?"

"ሥራ ያለ ወረቀት አለ እንዴ?" አለና ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

እናቷ እስከ በሩ ሸኘቻት። "አደራ ዛሬ" አለች። "ይሄን ጉድ ገላግይን። አጎትሽ ትናንትም ደውሏል። 'ምነው፣ ዲግሪው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ማኅተም ነው የቀረው አልኩት። ምን ልበለው?"

"እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማል።"

"እሱ? ምን ይሰማል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶበት።"

አጎቷ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የሥራ ወንበር አስይዞላታል። ወንበሩ የሚጠብቃት ክረምቱ እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። ምሩቋ ያን ወንበር አይታው አታውቅም፤ ግን አንዳንዴ በህልሟ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ታየው ነበር። ጣውላውን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ስር ያዘችና ወጣች። ጃንጥላዋ በሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ኮርሱ ስለ ሰማይ ቢሆንም ሰማዩ አልተገኘም። ትምህርቱ ከተጀመረ አንስቶ ደመናው እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶ ነው የከረመው። መምህሩ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነው። የሰጣቸው የተግባር ሥራ አንድ ነበር፤ ፀሐይ እንደገባች ለጋዋን ጨረቃ በዓይን አይቶ፣ እንደታየችው መሳል። ያላየ አያልፍም።

"ቲቸር፣ ሰማዩ ዝግ ነው እኮ" ብላው ነበር ሲስተር ገና በመጀመሪያው ሳምንት። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለምትመጣ ነጩን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትማረው።

"ሰማይ አይዘጋም። የሚዘጋው ደመናው ነው።"

"እሺ እሱን ማን ይክፈተው?"

"ትዕግሥት ያለው ያያል" አለ መምህሩ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አምና ተግባሩ አልተሠራም ተብሎ ኮርሱ ሊታጠፍ ነበር። ዘንድሮ የግድ ትታያለች።"

የግድ ታየች። ደመናው ሳይገለጥ ክፍሉ በሙሉ ጨረቃን አየ። በየወረቀቱ ላይ የወጣችው ጨረቃም አንድ ዓይነት ነበረች፤ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው። ቀጭን፣ እንደ ቅንፍ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ጀርባዋን ወደ ቀኝ የሰጠች። መጽሐፉ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ እዚያ ጨረቃ ቆማ ነው የምትታየው። ምሩቋ የሻይ ሰሃን ደፍታ ዙሪያውን በእርሳስ ሳበች፤ ሰሃኑን ፈቀቅ አድርጋ ደግማ ሳበችና መሃሉን አጠቆረች። ሰሃኑን አጥባ መለሰችው። ይሄ ሁሉ ሰው ጨረቃን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል፤ ግን ለማርክ ብሎ የልጅነቱን የሚያስታውስ ማን አለ? መጽሐፉ ላይ ቆማ ነበርና ቆመች።

ችግር የፈጠረችው ሲስተር ብቻ ናት። አንድ ምሽት ወደ አዳር ሥራዋ ስትገባ ደመናው ለአፍታ ተቀደደና አየቻት። የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ሳለቻት። በማግስቱ መምህሩ ካርቶኑን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ ተመልሶ ካርቶኑን አየ። ጨረቃዋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን።

"እህቴ፣ አዙረሽ ይዘሽው ነው የሳልሽው" አላት በርኅራኄ።

"እኔ እንዲህ ነው ያየኋት ቲቸር።"

"አዳር ላይ ነበርሽ?"

"ልገባ ነበር።"

"ያው ነው። ድካም ነው።"

ሲስተር አልተከራከረችም፤ የመጣችው ለማለፍ ነው። የቆመች ስላ አመጣችና ሙሉ ማርክ አገኘች። ያን ዕለት አጠገቧ የነበረችው ምሩቋ ዞር ብላ "እውነት አይተሻት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ እንጃ" አለች ሲስተር። "አሁንስ ራሴንም አላምነው።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት ስለጠፋ የሥዕሎቹ አቀራረብ ወደ ላይኛው ፎቅ በረንዳ ተዛወረ፤ ፊቱ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በመርፌ ተሰኩ። ምሩቋ ወረቀቷን ከአባቷ ጣውላ ጋር እንደተቆነጠጠ በወንበር አስደግፋ አቆመችው። የሚፈርሙት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ዝናቡ መጣ፣ ወረደ፣ አባራ፤ ኃላፊዋ ግን አልመጡም። በዚህ መሃል ክፍሉ የየራሱን ምስክርነት ይለማመድ ጀመር።

"አንቺ ከየት ሆነሽ ነው ያየሻት?" አሏት ምሩቋን ጋሽ ምክትል። የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ደረጃቸውን ለማሻሻል ነው የሚማሩት።

"ከቤታችን ጣሪያ።"

"ጣሪያ ተይዟል። ጣሪያ የኔ ነው።"

"እሺ፣ ከግቢ።"

"ግቢውንም ያ ባለ ቀይ ሹራቡ ወስዶታል። አውቶቡስ መስኮት ግን እስካሁን ማንም አልነካውም።"

"ጋሼ፣ ሁለት ሰው ከግቢ ቢያያት ምን አለበት?"

"አለበት እንጂ! ልጄ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ አየሁ ካለ ውሸት ይመስላል።"

ስልኳ ጠራ። አጎቷ ነው። ወደ በረንዳው ጥግ ፈቀቅ አለች።

"ስሚኝ የኔ እናት፣ ሰዎቹ ቦታውን ሰኞ ይዘጉታል" አላት። "ዲግሪው ባይደርስ እንኳ አልፋለች የሚል ማረጋገጫ ይዘሽ ነይ። አንዲት ወረቀት! እኔ እዚህ ስንት ሰው ለምኜ ነው የያዝኩልሽ፤ አታሳፍሪኝ።"

"እሺ አጎቴ።"

"ምንድነው ድምፅሽ? ታመሻል እንዴ?"

"ሥራ ላይ ሆኜ ነው።"

ስልኩን ዘግታ የበረንዳውን ብረት ያዘች። ብረቱ ረጥቧል። ከታች ግቢው ውስጥ ዘበኛው ከቦይ ላይ ቅጠል በእንጨት ይገፋል። ዛሬ አንድ ነገር ተናግራ፣ አንድ ፊርማ ተቀብላ፣ ሁሉም ነገር እውነት ይሆናል። ያ ባዶ ካርቶን ይሸፈናል። ያን ጊዜ ምናልባት ቁርሷን ተቀምጣ ትበላ ይሆናል። ከአውቶቡስ መስኮት፣ አለች በልቧ። ከአውቶቡስ መስኮት ነው ያየኋት።

ኃላፊዋ የመጡት ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና አጭር ንግግር እናደርጋለን ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ።

"የሰው ልጅ ብዙ ነገር በወሬ ያምናል" አሉ። "እናንተ ግን እዚህ ግድግዳ ላይ ያስቀመጣችሁት በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው።"

በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ ወንበሩን አመቻቸ።

ጋሽ ምክትል ቀደሙ። ክራቫታቸውን አስተካክለው "እኔ በበኩሌ ከጣሪያዬ ላይ ነው የተመለከትኳት" አሉ። "ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።"

"በዚህ ክረምት?" አሉ ኃላፊዋ።

"በእኛ ሰፈር በኩል" አሉ ጋሽ ምክትል።

ባለ ቀይ ሹራቡ ከግቢ አየ። ሌላዋ ከድልድይ ላይ። ሲስተር ተነስታ "እኔም እንደዚሁ" ብላ ተቀመጠች። መምህሩ ከእያንዳንዱ በኋላ ራሱን ይነቀንቃል፤ መጽሐፉን እንደ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎታል።

የምሩቋ ተራ ሲደርስ የደረጃው በር ሲጢጥ አለ። ዘበኛው ብቅ አለ።

"ይቅርታ፣ የተማሪ አባት ናቸው" አለ። "ጃንጥላ ሊሰጡ ነው።"

ከኋላው አናጺው ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፤ ሱሪው ላይ የመጋዝ ብናኝ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ።

"አይ፣ እኔ አልረብሽም" አለ። "በሩ ጀርባ ረስታው ሄዳ ነው። ሰጥቻት ልውረድ።"

"ይቀመጡ አባት" አሉ ኃላፊዋ ደስ ብሏቸው። "የልጅዎ ተራ ነው። ስታቀርብ ይስሟት።"

አናጺው የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መሃል አቆመ። ምሩቋ ወደ ዘበኛው ዞረች። ዘበኛው ተማሪ ብሏል። ዘበኛ መቼም ያየው ሰው ሁሉ ተማሪ ነው የሚመስለው፤ አባቷ አላስተዋለው ይሆናል። ተማሪ ሆና ብትናገር አባቷ ይሰማል፤ ሠራተኛ መስላ ብትናገር ኃላፊዋ ይሰማሉ። ሁለት ውሸት ነበራት። ለየብቻቸው ክረምቱን ሙሉ በሰላም ኖረዋል፤ አንድ በረንዳ ግን አይበቃቸውም።

"ቀጥዪ እህቴ" አለ መምህሩ። "መቼና ከየት እንዳየሻት።"

ከጣውላው አጠገብ ቆመች። "እኔ…" አለች። "እኔ ያየኋት ከአውቶ…"

ያን ጊዜ ብርሃኑ ተለወጠ። መብራት የመጣ መስሏቸው አንድ ሁለት ሰዎች ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። መብራት አልነበረም። በምዕራብ በኩል ደመናው ከሥሩ ተነሳ፤ ሰው ምንጣፍ ጠርዝ ይዞ እንደሚገልጥ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ከሥሩ የታጠበ ሰማይ ወጣ። ፀሐይ ከገባችበት በላይ፣ ከውሃ ጋኑ ማማ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ጨረቃ አለች። ቀጭን ናት። ጀርባዋን ወደ ታች፣ ሁለት ጫፎቿን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጋደም ብላለች።

"ያቻት" አለች ሲስተር። ጮክ ብላ አልነበረም። ለአንድ ሰው እንኳ ያለችው አይመስልም።

ሰዉ ሰማዩን አየ። ከዚያ ማንም ሳያዘው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ዞሮ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ሙሉ ቀጥ ብለው የቆሙ ጨረቃዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። መምህሩ ደረቱ ላይ ያቀፈውን መጽሐፍ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ አወረደው። ሲስተርን ላለማየት ጫማውን አየ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርገው ሲጨርሱም መልሰው አላደረጉትም።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ጋሽ ምክትል ናቸው። ወረቀታቸው እንደተጣመመ ሰው ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ፣ መርፌውን ነቀሉ፣ ወረቀቱን ሩብ ዙር አዞሩት። ጨረቃዋ ተኛች። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ከላይ የተጻፈው ስማቸውም አብሮ ተኛ። መርፌው ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ማለቱን ስላልፈለጉት ወረቀቱን በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ ደግፈው ቆሙ። ከዚያ ባለ ቀይ ሹራቡ። ከዚያ የድልድይዋ። በረንዳው ላይ የወረቀት ኮሽታ ብቻ ይሰማ ጀመር።

የምሩቋ ጣቶች መቆንጠጫው ላይ ነበሩ። አባቷ የመታው መቆንጠጫ በአንድ ጣት ይከፈታል። ሩብ ዙር ነው የቀራት። ሩብ ዙር፣ ፊርማ፣ ሰኞ፣ ወንበሩ።

"አዙሪያት እንጂ ልጄ" አሏት ጋሽ ምክትል ከግድግዳው ሳይላቀቁ፣ በአፋቸው ጥግ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

ወደ ኋላ ማየት አልፈለገችም፤ አየች። አናጺው እሷን አያይም ነበር። ዓይኖቹን ጠበብ አድርጎ ግድግዳውን ያያል፤ ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚያዞርበትን ምክንያት ለመረዳት እንደሚሞክር፣ ደግሞም የገባው እንደሚመስል።

"ይቺን አላየኋትም" አለች ምሩቋ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። "ከመጽሐፉ ነው የገለበጥኳት፤ በሻይ ሰሃን። ደግሜ የምማር ተማሪ ነኝ፤ ኮርሱን ወድቄ። ጨረቃዋን ያየኋት አሁን ነው።"

የጋሽ ምክትል ወረቀት ከመዳፋቸው ስር ሸርተት አለ።

"እንግዲህ…" አሉ ኃላፊዋ፤ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ውስጡን አዩ፣ ዘጉት። "ይሄ ጉዳይ… የማርኩን ነገር በኋላ እንነጋገርበታለን።" ማንን እንዳሉ አልታወቀም። መምህሩ ለራሱ የተነገረው ያህል ራሱን ነቀነቀ።

ምሩቋ መቆንጠጫውን ከፈተች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ፊት አወጣች፣ መልሳ ቆነጠጠችው። የመጣችው ልትናገር እንጂ ልትስል አይደለምና መሣያ አልያዘችም።

"አባዬ፣ እርሳስህን።"

አናጺው ተነሳ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ ሰጣት። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ጃንጥላውን እንደ ሚስጥር ከጎኑ ሸጉጦ፣ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አላት።

"ምኑን?"

"የምትማሪ መሆንሽን። እሷ ሥራ ነው የሚመስላት። ደም ብዛቷን ታውቂዋለሽ።"

ምሩቋ አየችው። ጣውላውን አየች፤ የለሰለሰውን ጠርዝ፣ ለወረቀት ተብሎ የተመታውን መቆንጠጫ። ልትስቅ አልቻለችም፤ ማልቀሱም አልመጣላትም። አባቷ ዓይኑን ከሷ አንስቶ ወደ ሰማዩ ላከ። "ቶሎ በይ" አላት። "ይዘጋል።"

እውነትም ከግራ በኩል አዲስ ደመና እየገፋ ነው። ጣውላውን ክንዷ ላይ አስደግፋ ወደ በረንዳው ጫፍ ሄደች። መጀመሪያ የታችኛውን ጎባጣ መስመር ሳበች። መስመሩ የሻይ ሰሃን ያህል አላማረም።

አንድ ሰው ከፊቷ መጥቶ ቆመ። መምህሩ ነው። ለሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ ተናገረ፤ ክፋት አልነበረበትም።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ አሁን ማርክ አይያዝለትም። ቀኑ አልፏል።"

"አውቃለሁ ቲቸር" አለች። "ጋርደውኛል፤ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።"

መምህሩ ዞር አለላት።